ገመዱን ከመግዛትዎ በፊት ሳሎንዎን ያድምጡት

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 48 ሲሆን ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ጥራት ያለው ድምፅ ማዳመጥ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለኝ ፍቅር ነው፤ አባቴም ሲያልፉ ብዙ ሸክላና ካሴት ትተውልኛል። ባለፉት ዓመታት ውጭ ባሉ ዘመዶቼ በኩል ጥሩ አምፕሊፋየር፣ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮችና የሸክላ ማጫወቻ አስመጥቻለሁ። ባለፈው የደረሰኝን ዕቁብም ለዚሁ ያዋልኩት ሲሆን፣ ለባለቤቴ የነገርኳት ግን የዋጋውን ግማሽ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ድምፁ እንዳሰብኩት አልሆነልኝም። ሳሎናችን 4 ሜትር በ4 ሜትር ገደማ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት ነው። ስፒከሮቹ ከቡፌው ግራና ቀኝ ግድግዳ ተጠግተው ቆመዋል። መሐል ላይ ካለው ሶፋ ስቀመጥ የዘፋኙ ድምፅ ጆሮዬን ይወጋኛል፣ ባሱም ይጠፋል፤ ባለቤቴ ግን መኝታ ቤት ሆና ባሱ አላስተኛ አለኝ ትላለች። እንደ እኔው ድምፅ የሚወዱ ወዳጆቼ ጥፋቱ የስፒከር ገመዱ ነው፣ ሲዲም ቢሆን ድምፅን ይቆርጣል እያሉ 90 ሺህ ብር የሚያወጣ ገመድ እንዳስመጣ ይገፋፉኛል። ባለቤቴ ደግሞ ሳሎኑ የእኛ መሆኑ ቀርቷል፣ ልጆቹም በገዛ ቤታቸው ይሳቀቃሉ፣ ሁሉንም ሽጠውና እንገላገል ብላኛለች። ገመዱን ልግዛ ወይስ ዕቃውን ልሽጥ? ወዳጆቼንስ ምን ልበላቸው? ድምፅ ወዳዱ።»

ውድ ጠያቂዬ፣

ገመዱን አይግዙ፤ ዕቃዎንም አይሽጡ። ወዳጆችዎ የሚመክሩዎት ችግሩ በሌለበት ቦታ ላይ ገንዘብ እንዲያፈሱ ነው። ባለቤትዎ የተናገሩት ደግሞ ከልብ የመነጨ ቅሬታ ስለሆነ በጥሞና ሊሰሙት ይገባል፤ ዕቃውን በመሸጥ ብቻ ግን አይፈታም። በእኔ እምነት ለጥሩ ድምፅ የሚወጣ ገንዘብና ድካም፣ ዐይንዎን ጨፍነው እንኳ ጆሮዎ ሊለየው ወደሚችለው ነገር ብቻ መሄድ አለበት። የምመክርዎትም ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

አስቀድሜ ግን በዚህ ፍቅርዎ ሊያፍሩ እንደማይገባ ልነግርዎ እወዳለሁ። አንድ ዘፈን በጥሩ መሣሪያና በተስተካከለ ክፍል ውስጥ ሲደመጥ፣ ለብዙ ዓመታት አብሮን የኖረው ዜማ ቀድሞ ያልሰማነውን ይሰጠናል፤ ዘፋኙ ስንኙን ከመጀመሩ በፊት የሳበው ትንፋሽ፣ የማሲንቆው ደጋን ጭራውን ሲነካ የሚያሰማው የመጀመሪያው ፍትጊያ፣ ከሳክስፎኖቹ ጀርባ በስሱ የሚመታው ከበሮ ሁሉ በየቦታቸው ቁልጭ ብለው ይሰማሉ። ይህን ለመስማት የሚጓጓ ሰው ሙዚቀኞቹ የደከሙበትን ሥራ ሳይሸራረፍ ለመቀበል የሚሻ አድማጭ ነው፤ በዚህ ረገድ እኔ ሙሉ በሙሉ ከእርስዎ ጋር ነኝ።

አሁን ወደ ሳሎንዎ እንግባ፤ የጻፉልኝ ሁሉ የሚያመለክተው ወደዚያው ነውና። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ4 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ፣ 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው (ማለትም በሰከንድ 43 ጊዜ ያህል የሚርገበገበው) ድምፅ የሞገዱ ግማሽ ርዝመት ከክፍሉ ርዝመት ጋር ስለሚገጥም በራሱ ላይ እየተደራረበ ይጎለብታል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ጣት ሳይጫነው ሲመታ የሚያወጣው ድምፅ 41 ኸርዝ ስለሆነ፣ ችግሩ ባሱ በሚሠራበት ቦታ ላይ በትክክል ያርፋል። የእርስዎ ሳሎን ደግሞ ርዝመቱና ስፋቱ እኩል በመሆኑ፣ ሁለቱም ጥንድ ግድግዳዎች አንዱኑ ድምፅ ነጥለው ያጎላሉ። የዚህ ሞገድ ግፊት ከፍ የሚለው ግድግዳው ዘንድ ሲሆን፣ በክፍሉ እኩሌታ ላይ ግን ይጠፋል ማለት ይቻላል። ሶፋዎ ያለው እዚያ ነው። ባስ የሚበዛበት ዘፈን ይክፈቱና ከሶፋው ተነሥተው ቀስ እያሉ ወደ ኋለኛው ግድግዳ ይሂዱ፤ ጀርባዎ ግድግዳውን ሊነካ ሲቃረብ ባሱ እያበጠ ሲመጣ በግልጽ ይሰሙታል። ሶፋው ላይ የጠፋብዎ ባስ መኝታ ቤት ያሉትን ባለቤትዎን እንቅልፍ የሚነሣበት ምክንያት ይኸው ነው፤ እርስዎ ስላልሰሙት ድምፁን ይጨምራሉ፣ በጨመሩት ቁጥር ግድግዳውን አልፎ የሚሄደው ይበረታል። ይህን የትኛውም ገመድ ሊያስተካክለው አይችልም።

ጆሮዎን የሚወጋው ነገር ደግሞ ከሴራሚኩ፣ ከልስኑና ከመስኮቱ መስታወት የሚመጣ ነው። ሳሎኑ መሐል ቆመው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ የሚርገበገብና የብረት ቃና ያለው ድምፅ ከተከተለ፣ በዘፈኑም ውስጥ በእያንዳንዱ «ሰ» እና «ጸ» ላይ ያው ነገር እየተጨመረ እንደሚመጣ ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ1895 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ዋላስ ሳቢን የተናጋሪው ቃል እርስ በርሱ እየተደበላለቀ የማይሰማበትን አንድ የትምህርት አዳራሽ እንዲያሻሽል ተጠይቆ ነበር፤ በዚያ አዳራሽ አንድ ድምፅ ከተሰማ በኋላ ጨርሶ እስኪጠፋ ከ5 ሰከንድ በላይ ይቆይ ነበር። ሳቢን ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶችን እያስመጣና ቁጥራቸውን እየጨመረ፣ ድምፁ የሚቆይበት ጊዜ ምን ያህል እንደሚያጥር ሌሊት ሌሊት ለካ። ዛሬ የኮንሰርት አዳራሾች የሚነደፉበት ስሌት የተወለደው ከዚያ ሥራ ሲሆን፣ ለእርስዎም ሳሎን መድኃኒቱ ከዚያው ዓይነት ነው። በስፒከሮቹና በመቀመጫዎ መካከል ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ፤ መስኮቱ ላይ በደንብ የተሸበሸበ ከባድ መጋረጃ ይስቀሉ። ከዚያም ተቀምጠው ሳሉ አንዱ ልጅዎ የጎኑን ግድግዳ ታኮ መስታወት ይዞ እንዲሄድ ያድርጉና፣ ስፒከሩ በመስታወቱ ውስጥ በሚታይዎት ቦታ ላይ መጻሕፍት የሞላ መደርደሪያ ወይም ወፍራም ስፖንጅ የተለጠፈበት ሰሌዳ ያቁሙ። ብዙ ሰው የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ ሲለጥፍ አያለሁ፤ ጥቅሙ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ አይድከሙበት። ምንጣፍና መጋረጃ ቀጭኑን ድምፅ እንጂ ባሱን እንደማይነኩትም ይወቁ። የባሱ ነገር የሚስተካከለው በዋናነት በአቀማመጥ ነው።

ስፒከሮቹን ከኋላቸው ካለው ግድግዳ ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ያርቋቸው፤ ከጎናቸው ካለው ግድግዳ የሚርቁበት ልክ ደግሞ ከዚህ የተለየ ይሁን። ሁለቱ ስፒከሮችና የእርስዎ ጭንቅላት ሦስቱም ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን እንዲሠሩ፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ስፒከርም ከጆሮዎ ትክክል እንድትሆን አድርገው ያስተካክሉ። ራስዎ ከኋለኛው ግድግዳ 1 ሜትር ተኩል ያህል ቢርቅ፣ ባሱ ከሚጠፋበትም ከሚያብጥበትም ቦታ ይወጣሉ። ለዚህ ሲባል ግን የቤተሰቡን ሶፋ አያንቀሳቅሱ። ሲያዳምጡ ብቻ የሚያመጡት አንድ ወንበር ይበቃል፤ ስፒከሮቹም የሚቆሙበትን ቦታ ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ካደረጉበት፣ ለማዳመጥ ስበው ያወጧቸዋል፣ ሲጨርሱ ወደ ግድግዳው ይመልሷቸዋል። ሳሎኑ ቀን ቀን የቤተሰቡ እንደሆነ ይቀጥላል። ከሥራቸው ወፍራም ጎማ ቢያደርጉበትም ወደ ታችኛው ጎረቤት የሚወርደው ንዝረት በመጠኑ ይቀንሳል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ግን በጆሮ ማዳመጫ ይጠቀሙ፤ በኮንዶሚኒየም ስንኖር ይህ ለጎረቤት የምናደርገው ትንሹ ነገር ነው።

ስለ ገመዱ በቁጥር ልመልስልዎ። ለቤት ሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ የመዳብ ገመድ፣ አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ 5 ሜትር ቢራራቁ እንኳ፣ ደርሶ መልስ ለኤሌክትሪክ የሚኖረው ተቃውሞ 0.07 ኦም ያህል ነው። ስፒከርዎ እንደ አብዛኛው 8 ኦም ከሆነ፣ በዚህ ምክንያት የሚቀንሰው ድምፅ በጉልበት መለኪያው 0.1 ዴሲቤል አይሞላም፤ ይህ ደግሞ የሰው ጆሮ ሊለየው ከሚችለው በታች ነው። በአንጻሩ ስፒከሩን ከግድግዳ በማራቅ ብቻ ባሱ ላይ የሚመጣው ለውጥ ብዙ ዴሲቤል ይሆናል። ገመዱ ወፍራም መዳብ ከሆነ፣ ጫፎቹ በደንብ ከተጣበቁ፣ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩም በሁለቱም ስፒከር ላይ በትክክል ከገባ ሥራውን ጨርሷል። ይህን የመጨረሻውን ዛሬውኑ ይመልከቱት፤ በአንዱ ስፒከር ላይ ተገልብጦ ከሆነ ሁለቱ እየተቃረኑ ባሱን ያጠፉታልና።

«ወዳጆቼ ግን ልዩነቱን በጆሯቸው ሰምተዋል» ይሉኝ ይሆናል። እንደሰሙ አምናለሁ፤ አልዋሹም። ነገር ግን የሰው ጆሮ ዐይኑ ካየውና ልቡ ከጠበቀው ተለይቶ አይሰማም። እ.ኤ.አ. በ1994 ፍሎይድ ቱልና ሾን ኦሊቭ የተባሉ ሁለት የድምፅ ተመራማሪዎች፣ የአንድ የስፒከር አምራች ድርጅት ሠራተኞች የተለያዩ ስፒከሮችን አንድ ጊዜ እያዩ፣ ሌላ ጊዜ በመጋረጃ ተሸፍነው ሳያዩ እንዲመዝኑ አድርገው ነበር። አድማጮቹ ዕቃውን ሲያዩ የሰጡት ነጥብና ሳያዩ የሰጡት ነጥብ የተለያየ ሆኖ ተገኘ፤ ግዙፉና ውዱ ሲታይ ከፍ ያለ ነጥብ አገኘ፣ ሲሸፈን ብልጫው ቀነሰ። በሙያው ውስጥ የዋሉ ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፣ 90 ሺህ ብር ከፍሎ በጉጉት የተቀመጠ ሰው ለውጥ ቢሰማ ምን ያስደንቃል?

ሲዲ ድምፅን ይቆርጣል የሚለውም እንደዚሁ ነው። ሲዲ በእያንዳንዱ ሰከንድ 44,100 ጊዜ ድምፁን ይለካል፤ በዚህም እስከ 22 ሺህ ኸርዝ ያለውን ሳያጎድል ይመልሳል። ሰው በወጣትነቱ የሚሰማው እስከ 20 ሺህ ኸርዝ ገደማ ሲሆን፣ በእርስዎ ዕድሜ አብዛኛው ሰው ከ15 ሺህ በላይ ያለውን ለመስማት ይቸገራል። እ.ኤ.አ. በ2007 ብራድ ሜየርና ዴቪድ ሞራን ባሳተሙት ጥናት፣ ከሲዲ የላቀ ጥራት አላቸው የተባሉ ቅጂዎች በቀጥታ፣ ከዚያም ወደ ሲዲ ደረጃ ዝቅ ተደርገው ለአድማጮች ቀርበው ነበር፤ ከ554 ሙከራዎች አድማጮቹ በትክክል የለዩት 276ቱን ሲሆን፣ ይህ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይለይም። ስለዚህ ሲዲዎችዎን በሰላም ያዳምጡ። በሁለት የአንድ ዘፈን ኅትመቶች መካከል ትልቅ ልዩነት ከሰሙ ግን፣ ያ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ልዩነቱ የመጣው ቅጂውን ያዘጋጀው ባለሙያ ከሠራው ሥራ ነው።

እኔ እርስዎን ብሆን ገንዘብም ጊዜም የማውለው አባትዎ በተዉልዎት ሸክላና ካሴት ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በአምሃ እሸቴ የተቋቋመው አምሃ ሪከርድስ፣ ከእርሱም በኋላ ካይፋ ሪከርድስ ያወጧቸው ሸክላዎች የዚያ ዘመን ሙዚቃችን ዋና ማስረጃዎች ናቸው፤ በእጅዎ ያለው ቅጂ ደግሞ ምናልባት በሌላ ሰው እጅ የማይገኝ ንጹሕ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ አዲስ መርፌ ይሁን። የአልማዝ መርፌም ቢሆን ከ500 እስከ 1000 ሰዓት ከተጫወተ በኋላ ያልቃል፤ ያለቀ መርፌ ደግሞ ሸክላውን ለዘለቄታው ይፍቀዋል። የመርፌው ክብደት በአምራቹ መመሪያ ላይ በተጻፈው ልክ መሆን አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ሲሆን በትንሽ ዲጂታል ሚዛን ይለካል። መርፌው እንዳይዘል ብለው ሳንቲም የሚጭኑበትን ሰዎች አይከተሉ። ማጫወቻዎ አምፕሊፋየሩ ላይ «ፎኖ» በሚለው መግቢያ መሰካቱንም ያረጋግጡ፤ ሸክላ ሲቀረጽ ባሱ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ድምፅ ተጨምሮ ስለሆነ፣ ይህን መልሶ የሚያስተካክለው ያ መግቢያ ነው። ሸክላው ሞኖ (በሁለቱም ስፒከር አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጥ) ከሆነና አምፕሊፋየርዎ «ሞኖ» የሚል ቁልፍ ካለው ይጫኑት። የሞኖ ሸክላ ድምፁ የተቀረጸው መርፌውን ወደ ግራና ቀኝ በሚያወዛውዝ ቦይ ብቻ ስለሆነ፣ አቧራና ጭረት ወደ ላይና ወደ ታች ሲያነጥሩት የሚመጣው ጩኸት ሁለቱ ቻናሎች ሲደመሩ እርስ በርሱ ይጣፋል። በአንድ ቁልፍ ይህን ያህል ንጹሕ ድምፅ የሚያስገኝ ሌላ ነገር አላውቅም።

የካሴቱ ነገር ከዚህም ይረቃል። ፊሊፕስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው ይህ ካሴት፣ ቴፑ የሚሄደው በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በመሆኑም 10 ሺህ ኸርዝ የሆነ ድምፅ አንዱ ሞገድ በቴፑ ላይ የሚይዘው ቦታ ከ0.005 ሚሊ ሜትር ያንሳል። ቴፑን እየነካ ድምፁን የሚያነብበው ሄድ በጥቂቱ እንኳ ካጋደለ ያ ቀጭን ድምፅ ይጠፋል። በሀገራችን አብዛኛው ካሴት በየሙዚቃ ቤቱ ከቴፕ ወደ ቴፕ እየተገለበጠ የመጣ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ የተቀዳበት ሄድ ማዘንበል ሊለያይ ይችላል፤ ብዙዎች «አርጅቷል፣ ታፍኗል» ብለው የሚጥሉት ካሴት ድምፁ እዚያው ውስጥ እንዳለ ነው። በመጀመሪያ ሄዱንና የጎማ ሮለሩን በንጹሕ አልኮልና በጥጥ ይጥረጉ። ከዚያም በሄዱ ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ጫፉ ማግኔት ባልሆነ ቀጭን ካቻቪቴ፣ ካሴቱ እየተጫወተ፣ ከሩብ ዙር ባነሰ ልክ ወዲያና ወዲህ ያዙሩት። የጸናጽሉ ድምፅ ድንገት ብርት የሚልበት አንድ ነጥብ አለ፤ እዚያ ላይ ያቁሙ። በዚያው ቅጽበት ወደ ኮምፒውተር ይቅዱት፤ የሲዲ ደረጃ ቅጂ ከበቂ በላይ ነው። ቀድተው ሲጨርሱ ለወንድሞችዎና ለእህቶችዎ ያካፍሏቸው። ብሎኑን መነካካት ከፈሩ፣ ቴፕ ለሚጠግን ባለሙያ ይስጡት፤ ያረጀውን ላስቲክም አብሮ ይቀይርልዎታል።

አሁን ከዕቃው ሁሉ ወደሚከብደው ነገር ልምጣ። የዕቁቡን እውነተኛ ዋጋ ለባለቤትዎ ይንገሯቸው፤ ያውም ሳይውሉ ሳያድሩ። ዕቁቡ ከሁለታችሁ ኑሮ የተቆረጠ ገንዘብ ነው፤ ግማሹን መደበቅዎ ባለቤትዎ በድምፅ መሣሪያው ላይ ካላቸው ቅሬታ የበለጠ ቤታችሁን ሊጎዳ ይችላል። ሲነግሯቸው ስለ ጥራቱና ስለ ቅናሹ አያስረዱ፣ «ሌላውማ ስንት ያወጣል» አይበሉ፤ ዋጋውን ተናግረው ይቅርታ ይጠይቁና ያድምጧቸው። ገመዱን ባለመግዛት የሚተርፈው 90 ሺህ ብርም ባለቤትዎ በሚመርጡት የቤት ጉዳይ ላይ ይዋል። ከዚህ በኋላ ለድምፅ የሚወጣው በዓመት ከስንት እንዳይበልጥ ሁለታችሁ ተስማምታችሁ ወስኑ፤ ልኩን ባለቤትዎ ቢያነሡት ይሻላል።

ልጆቹን ደግሞ ከዕቃው ማራቅዎን ይተዉ። ሸክላን በጠርዙ መያዝ፣ መርፌውን በማንሻው ማውረድ አንድ ከሰዓት የማይፈጅ ትምህርት ነው፤ ሊሰበር የሚችለው ትልቁ ነገር መርፌው ሲሆን ያም ይተካል። ደግሞም እርስዎ የማይሰሙትን ከፍተኛ ድምፅ እነርሱ ይሰማሉ። ስፒከር ሲያስተካክሉ ምስክር አድርገው ያስቀምጧቸው። ባለቤትዎም የሚወዱትን ዘፈን መርጠው፣ በዚያች በተስተካከለችው ወንበር ላይ እርሳቸው ተቀምጠው፣ እርስዎ ሶፋው ላይ ሆነው የሚያዳምጡበት ምሽት ይኑር። ብቻውን በር ዘግቶ የሚያዳምጥ ሰው ቤት፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለቀሩት ጩኸት ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ አስተካክለው ከአንድ ወር በኋላም ድምፁ ቢወጋዎት፣ ያኔ የሚጠረጠረው ስፒከሩ ነው። ከአምፕሊፋየርና ከገመድ ይልቅ ከአንዱ ወደ ሌላው በጆሮ የሚለይ ልዩነት ያለው በስፒከር ላይ ነውና፣ የመቀየር ዐቅሙ ሲኖር የመጀመሪያው እርሱ ይሁን፤ ሲገዙም የእርስዎን ያህል ክፍል ውስጥ ሲጫወት ሰምተው ይግዙ።

ወዳጆችዎን በተመለከተ፣ መከራከሩን ይተዉና አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ጠርተው ቤትዎ ያሰባስቧቸው፤ ያንን ውድ ገመድ ያለው ወዳጅዎ ይዞት ይምጣ። አምፕሊፋየሩ በጨርቅ ይሸፈን፣ የድምፁ መጠን አይነካ፣ ዘፈኑም አንድ ይሁን። ባለቤትዎ ፈቃደኛ ከሆኑ ሳንቲም እየወረወሩ በወጣላቸው መሠረት ከሁለቱ ገመዶች አንዱን ይሰኩ፤ አድማጩ ጀርባውን ሰጥቶ «የቱ ነው» የሚለውን ይናገር፤ አንዱ ልጅዎ በደብተር ይመዝግብ። ለአንድ ሰው 16 ጊዜ ይደገምለት። ከ16ቱ 12ና ከዚያ በላይ በትክክል ያወቀ ሰው፣ ያንን ያገኘው በግምት ብቻ የመሆኑ ዕድል ከ100 ወደ 4 ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው ከተገኘ በሌላ ቀን አንድ ጊዜ ይድገመውና፣ ውጤቱን ከነመዝገቡ ይላኩልኝ። በዚሁ ዓምድ ላይ አወጣዋለሁ።